ጭር ባለ ቀን ካሸር ላይ መዋል፦ ሰዓቱ እንዲገፋ፣ ሂሳቡም እንዳይጎድል

ይህ መመሪያ ሱፐርማርኬት ወይም ሚኒ ማርኬት ውስጥ ካሸር ላይ ለምትሠሩ ነው። ወረፋ በሌለበት ሰዓት ቀኑ አልመሽ ካላችሁ፣ ስልክ እየነካካችሁ ለማሳለፍ ሞክራችሁ ካልሆነላችሁ፣ ስታስረክቡ ደግሞ ጉድለት የሚገኝባችሁ ከሆነ አንብቡት። ስድስት ዓመት ካሸር ላይ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ገቢዎችን አሠለጥናለሁ። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ወረፋ ሲኖርስ ይሻላል፣ እኔን የሚያደክመኝ ጭር ሲል ነው።» እውነታቸውን ነው።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ጭር ያለ ሰዓት የሚረዝመው ሥራ ስለሌለ ብቻ አይደለም፤ ልባችን ሰዓቱ ላይ ስለሚሆን ነው። ጊዜውን በጠበቅነው ቁጥር ይረዝማል። ስልክ ደግሞ አያሳጥረውም፤ በከፈታችሁት ቁጥር ሰዓቱ ከላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ፣ እኔ ባየሁት ጉድለት የሚፈጠረው ወረፋ በበዛበት ሰዓት ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ጭር ብሎ ቆይቶ ድንገት ሁለት ሦስት ሰው ሲመጣ ነው። እጅ ይፈዛል፣ ሐሳብ ሌላ ቦታ ይሆናል፣ 100 ብሩን 200 ብለን መልስ እንሰጣለን።

ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ለሁለቱም ነው፦ ሰዓቱ እንዲሄድና እጃችሁ ንቁ ሆኖ እንዲቆይ። በቅደም ተከተሉ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች ዘላችሁ ከሦስተኛው ብትጀምሩ አይሠራም፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

ቀኑ ረዘመ የምንለው ብዙ ጊዜ እግራችን ስለታመመ ነው። እግሩን የሚያቃጥለው ሰው በየአምስት ደቂቃው ሰዓት ያያል።

1. ጫማ። ሶሉ ስስ የሆነ ጠፍጣፋ ጫማ አታድርጉ። ተረከዙ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሶሉ ወፍራም፣ የእግር ጣት የማያጨናንቅ ይሁን። ጫማ የምትገዙ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ለኩ፤ እግር ቆሞ ሲውል ያብጣል፣ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብባችኋል። ሁለት ጫማ ካላችሁ በየቀኑ እያፈራረቃችሁ ተጫሙ።

2. ምግብ። ቁርስ ሳትበሉ አትግቡ። ምሳ ላይ ደግሞ እስክትጠግቡ አትብሉ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ በራሱ እንቅልፍ ያመጣል፣ በዚያ ላይ ሆድ ከከበደ ቆማችሁ ታንቀላፋላችሁ። ግማሹን በምሳ ሰዓት፣ ግማሹን በአጭሯ እረፍት ብሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ፣ የሁዳዴም ይሁን የረመዳን፣ ከባዱንና ትኩረት የሚፈልገውን ሥራ ወደ ጠዋት አምጡት።

3. ውሃ። ግማሽ ሊትር ያዙ። ሽንት ቤት መሄድ ስለማይመች ውሃ የማይጠጡ ካሸሮች ብዙ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት የሚይዛቸውም እነሱ ናቸው። ውሃ መተው መፍትሔ አይሆንም። ማን እንደሚተካችሁ ጠዋት ላይ ተነጋገሩ።

4. በኪስ የምትገባ ደብተርና እስክሪቢቶ። የዛሬው ሥራ ሁሉ እዚህች ደብተር ላይ ይውላል።

ደረጃ 2፦ መሳቢያውን ቆጥራችሁ ተረከቡ

1. ለመነሻ የሚሰጣችሁን ብር የሚያስረክባችሁ ሰው ፊት ቁጠሩ። ሁለት ጊዜ ቁጠሩ፣ ሁለተኛውን ከታች ወደ ላይ። በየዓይነቱ ጻፉ፦ ባለ 200 ስንት፣ ባለ 100 ስንት፣ ባለ 50፣ ባለ 10፣ ባለ 5፣ ሳንቲም። ድምሩን ብቻ አትጻፉ። ማታ ጉድለት ቢመጣ የት እንደተሳሳታችሁ የሚነግራችሁ ዝርዝሩ ነው።

2. ብሮቹን በአንድ ፊት አዙሩ፤ የተጠቀለለውን ዘርጉ። አዳዲሶቹን አንድ ባንድ በጣት አሻሽታችሁ ለዩ፣ ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ ይሄዳሉና።

3. ለመልስ የሚሆን ዝርዝር ብር በቂ መሆኑን አሁኑኑ እዩ። ባለ 10 ብርና ሳንቲም ከሌላችሁ ቀኑን ሙሉ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ስለ መልስ ትከራከራላችሁ፤ ማስቲካ በመልስ ፋንታ መስጠትም ደንበኛ የሚጠላው ነገር ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ለተቆጣጣሪ ንገሩ፤ ባንክ ሄዶ ለማዘርዘር ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው።

4. ማሽኑን እዩ። ቀኑና ሰዓቱ ትክክል ነው? የደረሰኙ ወረቀት ስንት ይቀረዋል? ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ሮዝ መስመር ከታየ ሊያልቅ ነው። ተጨማሪ ጥቅል እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ አስቀምጡ። የትኛው ገጽ እንደሚታተምበት ካልለያችሁ በጥፍር ጫሩት፤ ጥቁር ምልክት የሚወጣበት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «በኋላ እንቆጥረዋለን፣ ሰው ቆሟል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ደንበኛውን ወደ ሌላው ካሸር ላኩት። ያልተቆጠረ መሳቢያ የተረከበ ሰው ቀኑን ሙሉ በጥርጣሬ ይውላል፤ የሚጠራጠር ሰው ቀን ደግሞ ከሁሉ ይረዝማል።

ደረጃ 3፦ ቀኑን በአራት ቁረጡ

ስምንት ሰዓት አንድ ላይ ሲታይ ያስፈራል። ስለዚህ ስምንቱን ሰዓት በአንድ ጊዜ አትዩት። ፈረቃችሁ ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት ነው እንበል። ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ጻፉ፦

ሀ. ከመክፈቻ እስከ ዳቦው ማለቂያ። የቁርስ ገዢዎች ናቸው፤ ሥራ አለ፣ ምንም አትጨምሩ።

ለ. ከዳቦው ማለቂያ እስከ ምሳ። የመጀመሪያው ጭርታ። ዓይንና እጅ የሚፈልገው ሥራ እዚህ ይገባል።

ሐ. የምሳ ሰዓትና እረፍት። ሰው ትንሽ ይመጣል፣ እናንተም ተራ በተራ ትወጣላችሁ።

መ. ከምሳ እስከ ርክክብ። ሁለተኛውና አስቸጋሪው ጭርታ። ሰውነት የሚያነቃንቅ ሥራ እዚህ ይገባል፤ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነገር አታስቀምጡበት፣ ያስተኛችኋል።

ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ሥራ ብቻ ጻፉ፤ ሁለት አይሁን። ሥራው መጨረሻው በዓይን የሚታይ ይሁን። «ማጽዳት» መጨረሻ የለውም። «ከካሸሩ ፊት ያለውን የማስቲካና የባትሪ ማንጠልጠያ ማጽዳት» አለው።

አሁን ሰዓቱን ሰውሩ። የእጅ ሰዓታችሁን ኪስ አስገቡ። ስልኩን ድምፁን አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ ተዉት። የኮምፒውተሩ ስክሪን ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት የምታስቸግራችሁ ከሆነ ተቆጣጣሪያችሁን አስፈቅዳችሁ ትንሽ ወረቀት ለጥፉባት። ሕጉ አንድ ነው፦ የክፍሉን ሥራ ሳልጨርስ ሰዓት አላይም።

ካልሠራ፦ ሥራውን በ20 ደቂቃ ጨርሳችሁ ባዶ ከቀራችሁ ሥራው ትንሽ ነበር፤ ነገ አስፉት። ሳትጨርሱ ክፍሉ ካለቀ ደግሞ ትልቅ ነበር፤ ነገ ግማሹን ጻፉ። መጠኑ ልክ እስኪመጣላችሁ አራት አምስት ቀን ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትተዉት።

ደረጃ 4፦ በመሃል የሚጣል ሥራ ምረጡ

በጣም የምታስቸግረው ደረጃ ይህቺ ናት፤ ሥራ ያጡ እየመሰላቸው የተሳሳተ ሥራ የሚይዙ ብዙ ናቸው። የጭር ሰዓት ሥራ ሦስት መስፈርት አለው። ከካሸሩ ሆናችሁ ወይም ካሸሩን እያያችሁ የሚሠራ መሆን አለበት። ሰው ሲመጣ በአምስት ሴኮንድ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ስትመለሱ ካቆማችሁበት የሚቀጥል መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ለሌላ ሰው ተዉት። እነዚህ ሦስቱንም ያሟላሉ፦

የመጠቀሚያ ጊዜ ማየት። ለካሸሩ ቅርብ ካለው መደርደሪያ ጀምሩ። አንድ መደርደሪያ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከኋላ ወደ ፊት። ቀድሞ የሚያልፈውን ወደ ፊት አምጡ፤ ያለፈውን አንሱና ለብቻው አስቀምጡ። ሰው ሲመጣ የደረሳችሁበት ላይ አንድ ዕቃ አጋድማችሁ ተዉ፤ ስትመለሱ ከዚያ ትቀጥላላችሁ። ጾም በሚሆንበት ወቅት፣ በተለይ በሁዳዴ 55 ቀናት፣ የወተት፣ የእርጎና የቅቤ ማቀዝቀዣውን ደጋግማችሁ እዩ፤ የሚነካው ስለሚቀንስ ሳይታወቅ ያልፋል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። 07 ያለው ሐምሌ አካባቢ እንጂ መጋቢት አይደለም። ይህን ስህተት በየወሩ አያለሁ፤ ገና አራት ወር ያለው ዕቃ «አልፏል» ተብሎ ይነሳል።

የዋጋ ወረቀት ማመሳከር። አሥር ዕቃ ምረጡ፣ መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውንና ማሽኑ የሚያነበውን ዋጋ አስተያዩ። የማይገጥመውን ደብተር ላይ ጻፉ። ዋጋ በሚለዋወጥበት ጊዜ ከደንበኛ ጋር የሚያጣላችሁ ግማሹ ነገር ይህ ነው። አንድ ተለይቶ የተገኘ ዋጋ ማታ አንድ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ስካነሩን ማጽዳት። መስታወቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ውሃ አታፍስሱበት፣ በሳሙና ጨርቅም አትጥረጉት።

ኮድ መያዝ። ባርኮድ የሌላቸውን የአትክልትና ፍራፍሬ ኮዶች በቀን አምስት አምስት በቃል ያዙ። ደብተር ላይ በግራ ስሙን፣ በቀኝ ኮዱን ጻፉ፤ ቀኙን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ራሳችሁን ፈትኑ። ወረፋ ሲመጣ ዝርዝሩን እያገላበጠ የማይፈልግ ካሸር ሆናችሁ ራሳችሁን ታገኛላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከካሸሩ ሁለት እርምጃ እንኳ የምትርቁ ከሆነ መሳቢያውን ዝጉ፣ በስማችሁ የከፈታችሁትን ሲስተምም ዝጉ። «ሰው የለም እኮ» አትበሉ። በእናንተ ስም ተከፍቶ የተተወ ማሽን ላይ ሌላ ሰው የሠራው ስህተት የእናንተ ነው።

ደረጃ 5፦ አቋቋማችሁን ለውጡ

ሰውን የሚያደክመው ከመቆም ይልቅ በአንድ አኳኋን መቆም ነው። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደምን ከእግር ወደ ላይ ይገፋል፤ ዝም ብሎ ሲቆም ደሙ ታች ይውላል፣ እግር ያብጣል፣ ይከብዳል።

1. ከእግራችሁ ሥር ወፍራም ካርቶን ወይም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ። ሴራሚክ ወለል ላይ ለሚቆም ሰው ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ካርቶኑ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን ይቅር።

2. ዝቅ ያለ የለስላሳ ሳጥን ወይም ሌላ ከፍታ ካለ አንድ እግራችሁን አሳርፉበት፤ በየተወሰነ ጊዜ አፈራርቁ። ወገብ ያርፋል።

3. አንድ ደንበኛ በወጣ ቁጥር አሥር ጊዜ በጣቶቻችሁ ቆማችሁ ተረከዛችሁን አንሱና መልሱ። ሰዓት ቆጥራችሁ ልታደርጉት አትሞክሩ፤ ከደንበኛ ጋር አያይዙት። ጭር ካለ ደግሞ ከአንድ መደርደሪያ በኋላ።

4. ትከሻችሁን ወደ ኋላ አዙሩ፣ የእጅ አንጓችሁን ዘርጉ፤ ስካን የሚያደርገውን እጅ በተለይ።

ወንበር ከሌለ ጠይቁ። አጠያየቁ ላይ ግን አስቡበት። «ደከመኝ» ከማለት «ደንበኛ በሌለበት ጊዜ ብቻ የምንፈራረቅበት አንድ ከፍ ያለ ወንበር ቢኖር፣ ሰው ሲመጣ እንቆማለን» ማለት ይሻላል። እምቢ ከተባለ እረፍታችሁን በሙሉ ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን ወንበር ላይ ሰቅላችሁ አሳልፉ። በእረፍት ሰዓት ሱቅ ውስጥ እየዞሩ የሚያወሩ ልጆች አሉ፤ ማታ የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው።

የእግራችሁ ደም ሥር እየተገተረ የሚወጣ ወይም እብጠቱ ጠዋትም የማይጎድል ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጫማና በካርቶን አታዘግዩት።

ደረጃ 6፦ ጭንቅላታችሁን በሒሳብ አሙቁ

ከረጅም ጭርታ በኋላ የመጀመሪያው ደንበኛ ላይ የምንሳሳተው ጭንቅላታችን ስለቀዘቀዘ ነው። በየጭር ሰዓቱ አምስት ደቂቃ እነዚህን ሥሩ።

መልስ ወደ ላይ መቁጠር። ሂሳቡ 137 ብር ከ50 ነው፤ ደንበኛው 200 ብር ሰጥቷል። አትቀንሱ፣ ወደ ላይ ቁጠሩ። 50 ሳንቲም ስትጨምሩ 138፤ 2 ብር ስትጨምሩ 140፤ 10 ስትጨምሩ 150፤ 50 ስትጨምሩ 200። መልሱ 62 ብር ከ50። ማሽኑ ይነግረኛል አትበሉ፤ ማሽኑ የሚነግራችሁ ያስገባችሁትን ነው። 200 በምትሉበት 2000 ካስገባችሁ አምኖ ይቀበላችኋል።

ዝርዝር ማዳን። እዚያው ሂሳብ ላይ ደንበኛው 7 ብር ከ50 ቢጨምር መልሱ ድፍን 70 ይሆናል። ሂሳቡን እንዳያችሁ ምን ብትጠይቁ መልሱ እንደሚቀል ወዲያው ለማግኘት ተለማመዱ። ይህን የለመደ ካሸር ዝርዝር አያልቅበትም።

ታክስ ማውጣት። ዋጋው 15 በመቶ ቫትን ጨምሮ 230 ብር ከሆነ ታክሱ 30 ነው፣ 345 ከሆነ 45፣ 1150 ከሆነ 150። ጠቅላላውን ለ23 አካፍላችሁ በ3 አባዙ። ደንበኛ «ታክሱ ስንት ነው?» ሲል ደረሰኙ ላይ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ በልበ ሙሉነት ታስረዳላችሁ።

ጆሮ ማዳመጫ አድርጋችሁ ሙዚቃ ወይም ትረካ መስማት ይቅርባችሁ። ሞክሬዋለሁ፤ ሰዓቱን ትንሽ ያሳጥራል፣ ነገር ግን የበሩን ድምፅ፣ የሰው እርምጃና የደንበኛውን ንግግር ያስቀራል። ካሸር ግማሹን ሥራ የሚሠራው በጆሮው ነው።

ደረጃ 7፦ የመጣውን ሰው አታሳልፉት

ጭር ባለ ቀን የሚመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንዱም በዝምታ አይለፍ። ወረፋ ሲኖር «ሌላ አለ?» ብቻ ይበቃል። ጭር ሲል ግን ለትልልቆቹ «ጋሼ እንዴት ዋሉ?»፣ «እማማ፣ ፌስታሉ ይከብድዎታል፣ ለሁለት ልክፈለው?» ማለት ይቻላል። እነሱም «ተባረኪ ልጄ» ብለው ሲሄዱ አሥር ደቂቃ ሳታዩት ያልፋል።

ወሬው በሚገዙት ነገር ላይ ይሁን፤ ሽሮው የቱ እንደሚሻል፣ ትኩስ ዳቦ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ። የሚገዙትን አትተቹ፣ «ለማን ነው?» አትበሉ። ስልክ እያወራ የሚከፍለውን ሰላም ብላችሁ ተዉት። አንድ ሕግ ደግሞ አትርሱ፦ ብር በእጃችሁ ሲገባ ወሬ ይቆማል። ቆጥራችሁ፣ መልስ ሰጥታችሁ፣ ደረሰኝ ካስጨበጣችሁ በኋላ ቀጥሉ።

ከሥራ ባልደረባ ጋር ስታወሩም ፊታችሁ ወደ በሩ ይሁን። ሁለት ካሸሮች ፊት ለፊት ተያይተው ሲያወሩ የገባ ደንበኛ ያስቸገረ ይመስለዋል።

ደረጃ 8፦ ከጭርታ ወደ ወረፋ ስትዞሩ

ስድስት ዓመት ውስጥ ትልቁ ጉድለቴ የተፈጠረው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ እያለ ነው። አንዱ በትልቅ ብር ትንሽ ዕቃ ገዛ፣ መልሱን እየቆጠርኩ ሳለ «ተዪው፣ ዝርዝር አለኝ» አለ፤ ጓደኛው የዱቄት ዋጋ ይጠይቀኛል፤ ብሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ከወጡ በኋላ ነው የገባኝ። በወረፋ መሃል ቢሆን ኖሮ ንቁ ነበርኩ። እንዲህ ያሉ ሰዎች የሚመርጡት የፈዘዘውን ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከጭርታ በኋላ ለሚመጣው የመጀመሪያ ደንበኛ ይህን ቅደም ተከተል ሳታጓድሉ ተከተሉ፦

1. የያዛችሁትን ሥራ አስቀምጡ። አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሱ። ቀና በሉ።

2. የተቀበላችሁትን ብር ጮክ ብላችሁ ጥሩ፦ «ከ200 ብር ነው።»

3. ብሩን ወዲያው መሳቢያ ውስጥ አትክተቱ። መልሱ ተቆጥሮ እስኪሰጥ ከመሳቢያው በላይ፣ ለሁለታችሁም በሚታይ ቦታ ይቀመጥ።

4. መልሱን በደንበኛው ፊት ቁጠሩ፣ ስጡ፤ ከዚያ ብሩን አስገቡ፣ መሳቢያውን ዝጉ።

5. በመሃል «ቆይ ልቀይር» ከተባለ ሁሉን ወደ ነበረበት መልሱ። የእሱ ብር ለእሱ፣ የእናንተ ብር ወደ መሳቢያ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩ። በሁለት ሂሳብ መሃል አትቁሙ። የሚጠይቅ ሌላ ሰው ካለ «አንድ ጊዜ፣ የሳቸውን ልጨርስ» በሉ።

በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፈል ከሆነ የደንበኛውን ስልክ አይታችሁ አትልቀቁ። ስክሪንሾት ማረጋገጫ አይደለም። ገንዘቡ ሱቁ አካውንት ላይ መግባቱን በሱቁ ስልክ ወይም ሲስተም አረጋግጡ፤ የግብይት ቁጥሩንና መጠኑን አስተያዩ። ኔትወርክ ቆይቶ ከሆነ በትሕትና «መልእክቱ እስኪገባ ትንሽ ይታገሱን» በሉና ዕቃውን ከእናንተ በኩል አቆዩት። ጭር ባለ ሰዓት የሚያስቸኩላችሁ ወረፋ የለም፤ ይህን ተጠቀሙበት።

ችግር ሲፈጠር

መብራት ጠፋ። እጃችሁን ከመሳቢያው ላይ አንሱ፣ መሳቢያውን ዝጉ። በመሃል የነበረው ሂሳብ ገብቶ እንደሆነ መብራት ሲመለስ ሳታረጋግጡ ሁለተኛ አታስገቡ፤ የደንበኛውን ዕቃና መጠኑን ደብተር ላይ ጻፉ። ደረሰኝ ሳይቆረጥ ዕቃ አታስወጡ፣ «ነገ ይወጣል» ቢሏችሁም።

በመሃል ሂሳቤን ልይ አላችሁ። ማሽናችሁ ከፈቀደና ተቆጣጣሪ ከተስማማ ኤክስ ሪፖርት አውጡ፤ እሱ ያሳያል እንጂ አይዘጋም። ዜድ ሪፖርት ግን የቀኑን ሽያጭ ዘግቶ ከዜሮ ያስጀምራል፣ አይመለስም። ሁለቱን ቁልፎች ካልለያችሁ አትንኩ፣ ጠይቁ።

እንቅልፍ ያዘኝ። ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ የሚራመዱበት ሥራ ያዙ፣ ቡና ከጠጣችሁ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ከዚያ በኋላ የጠጣችሁት ማታ ያስነቃችሁና ነገን ያበላሽባችኋል። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከያዛችሁ ችግሩ የሌሊት እንቅልፋችሁ ነው፤ ካሸሩ ላይ አትፈልጉት።

ተቆጣጣሪው «ለምን ካሸር ላይ አትቆሙም?» አለ። ደብተሩን አሳዩ። የታዩትን ቀኖች፣ የተገኙትን የዋጋ ልዩነቶች። ጠዋት ላይ «ጭር ሲል ይህን ልሥራ፣ ካሸሩን እያየሁ ነው» ብላችሁ አስቀድማችሁ ብትናገሩ ግን ጥያቄውም አይነሳም።

ሥራ ሁሉ በእኛ ላይ ወደቀ። ይህም ይደርሳል፤ የሚሠራ ሲገኝ ሁሉ ይጫንበታል። መጋዘን ግቡ፣ ዕቃ አውርዱ ከተባላችሁ መሳቢያውን ማን እንደሚረከብ ጠይቁ። ያለ ርክክብ አትሂዱ። የሥራ ሰዓትንም እወቁ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም።

ጉድለት ተገኘ። አትደናገጡ፣ ከኪሳችሁም አውጥታችሁ በዝምታ አትሙሉ። የጠዋቱን ዝርዝር አውጡ። የጎደለው ልክ 100 ከሆነ ምናልባት 100ና 200 ተምታቶባችኋል፤ ልክ 90 ከሆነ በ10 ፋንታ 100 ሰጥታችኋል፤ ለ9 የሚካፈል ሌላ ቁጥር ከሆነ ስትጽፉ አሃዞች ተገለባብጠው ይሆናል፣ 54ን 45 እንደማለት። በቴሌብር የተከፈለ ሂሳብ በጥሬ ብር ተመዝግቦ እንደሆነም እዩ፤ ብዙ ጉድለት ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጉድለት ነው። የእውነት ከጎደለና ከደመወዝ ይቆረጥ ከተባለ መቆረጡ ሕጋዊ መሠረት ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ሊኖረው ይገባል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዛችሁ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ይህን ሳታውቁ ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው አንድ ሰዓት

ይህቺ ሰዓት ከሁሉ ትረዝማለች፣ ምክንያቱም ልባችሁ ወጥቷል። ሰዓት ማየት የተከለከለው እዚህ ላይ የበለጠ ነው። ለዚህች ሰዓት አዲስ ሥራ አታምጡ፤ የርክክብ ዝግጅቱ በራሱ ይበቃል።

1. የተሟላ ድፍን ብር በመቶ በመቶ እየቆጠራችሁ እሰሩ፣ ወደ ካዝና የሚገባ ከሆነ አስገብታችሁ አስፈርሙ። መሳቢያ ውስጥ የቀረው ባነሰ ቁጥር የመጨረሻው ቆጠራ ያጥራል።

2. ሳንቲሙን ዓይነት በዓይነት ለዩ።

3. የተሰረዙ ሂሳቦችን፣ የተመለሱ ዕቃዎችን፣ በባንክ የተከፈሉትን ደረሰኞች በሦስት ለዩ። ተቆጣጣሪ ያልፈረመበት ስረዛ ካለ አሁን አስፈርሙ፤ እሱም ሊወጣ ነው።

4. ወረቀት ቀይሩ፣ ፌስታል ሙሉ፣ የካሸሩን ፊት ጥረጉ። የሚቀጥለው ፈረቃ የሚገባው የምሽቱ ወረፋ ላይ ነው።

5. ደብተሩ ላይ ለሚተካችሁ ሰው ሦስት መስመር ጻፉ፦ የትኛው መደርደሪያ ድረስ እንደታየ፣ የትኛው ዋጋ እንደማይገጥም፣ ምን ዓይነት ዝርዝር እንዳነሰ። ከዚያ መሳቢያውን እሱ ፊት፣ በየዓይነቱ፣ ሁለት ጊዜ ቁጠሩና አስፈርሙ።